ለፊልሙ ወታደር የተቀመጡት ለቅሶ

ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ባጃጅ ሲጠብቁ ሰብለ ስልኳን ወደ አያቷ ወደ አያ ላቀው አስጠጋች። አዲስ የወታደር መመልመያ ፊልም ነበር፤ ከላይ የተቀረጸ ተራራ፣ ትከሻ የሚያስነቀንቅ ሙዚቃ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሳቂታ ጎረምሶች።

«የሚሞት የለበትም?» አሉ ሽማግሌው።

«ኧረ አባባ! ሞት እያሳዩማ ማን ይመዘገባል?»

በደርግ ጊዜ ቡሬ አጠገብ ወዳለው መንደራቸው የመጣው ፊልም ሌላ ነበር። ፊልሙን በመኪና ይዘው የመጡት መልማዮች ነጭ አቡጄዲ ወጥረው፣ አንድ ወጣት እናቱን ስሞ ሲዘምት፣ ኋላም ባንዲራ እንዳቀፈ ሲወድቅ አሳዩ። የጎረምሳው ሁሉ ደም ፈላ፤ አያ ላቀውም ሲነጋ ሊመዘገቡ ቆረጡ።

እናታቸው እማማ ሀብትነሽ ግን ፊልም አይተው አያውቁም ነበር። «የሰው ልጅ ዓይናችን እያየ ሞቶ ዝም ይባላል?» ብለው በማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ተቀመጡ። መንደሩም እንደ ወጉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ባለመኪናዎቹ «እማማ፣ ልጁ ተዋናይ ነው፤ አልሞተም» ቢሏቸው፣ «በዓይኔ አይቼው?» ብለው ተቆጡ። ለቅሶ ጥሎ የሚመዘገብ ጠፋ። መዝጋቢዎቹም ሁለት ቀን ጠብቀው ሄዱ። ከማዶ መንደር ከተመዘገቡት አንድም አልተመለሰም።

አያ ላቀው፣ ይኑር ይሙት ለማያውቁት ለዚያ የፊልም ልጅ ዛሬም በየዓመቱ ጧፍ ያበራሉ።

ስልኩን ለሰብለ መለሱላት። «ተመስገን፣ ለእኔ የደረሰኝ ያኛው ሆነ» አሉ። «ይሄኛውን ቢያሳዩዋት ኖሮ እናቴ አብራ ታጨበጭብ ነበር።»