አፍ የሚፈታው ዘፈን

እሷ አፏን የፈታችው በዘፈን ነው። በቃ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። አራት ዓመት ሞልቷት "እማ" እንኳ አልወጣት ብሎ እናቷ ጨንቋት ንግግር የሚያስተምሩ ባለሙያ ጋ ወሰደቻት። ሰውየው በዚያ ሻካራ ድምፃቸው የየዕቃውን ስም እያዜሙ ልጅቷን ለወግ አበቋት።

አድጋ የሳቸውኑ ሙያ ያዘች፤ አብራቸውም ሠራች። ወይ ያ ጊዜ! ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የለጠፉባት ጠባብ ክፍል፣ ካሴት የሚያኝክ ቴፕ፣ ሳቅ ብቻ። ዘፈን ልጆችን ያናግራል ወይ የሚለው ጥናታቸውም እንደ ሳቃቸው ልቅ ነበር። ልጆቹ ቃል ከጨመሩ "የፈለግነው ቃል ነው" ይላሉ፤ ቃሉ እምቢ ብሎ ድምፃቸው ከጠራ ደግሞ "ድሮስ የፈለግነው ድምፅ አይደል እንዴ!" ይላሉ። ማን ከልካይ ነበረባቸው?

ዛሬ እንዲያ የለም። ገና አንድ ልጅ ሳይመጣ የሚለካው ነገር ይጻፍና ማንም በሚያየው ቦታ ይመዘገባል። እሷም ያንኑ የዘፈን ጥናት አስመዘገበች። ለግማሾቹ ልጆች ይዘፈናል፤ ከግማሾቹ ጋር አንድ ትልቅ ሰው ያንኑ ያህል ጊዜ ቁጭ ብሎ ይጫወታል፤ የሚቆጠረው አዲስ ቃል ብቻ። ጡረታ የወጡት መምህሯ አንብበው "ጎሽ! አሁን ማን ይክደኛል?" አሉ።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱም ወገን በአዲስ ቃል እኩል ሆኖ ቁጭ አለ። የተዘፈነላቸው ልጆች ድምፅ ግን ትንሽ ጠርቷል። ያን ጊዜ ሰይጣን ጎተጎታት፤ የድምፁን ነገር ዋና ውጤት አድርጋ ከፊት ብትጽፈው ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ያድራሉ። ግን እለካለሁ ያለችው እሱን አይደለም። እየከበዳት ቤታቸው ሄደች።

"ጋሼ፣ አልሆነም። ዘፈኑ ቁጭ ብሎ ከመጫወት አልበለጠም።"

"ሌላ የጨመረ ነገር የለም?" አሉ፣ እንደ ድሮው።

"ድምፃቸው ትንሽ ጠርቷል። እሱን ግን ሳናስበው ያየነው ብዬ ከታች ነው የምጽፈው።"

ሽማግሌው አንጀቷን በሏት።

"ዕድሜ ልኬን እኮ ነው የዘፈንኩት፣ ልጄ። ታዲያ አንቺን ምን አናገረሽ?"

እስከዚያች ደቂቃ ይህን ራሷን ጠይቃ አታውቅም ነበር። እንባዋ ቀደማት።

"እርስዎ ነዎታ፣ ጋሼ! ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥብኝ እርስዎ ነበሩ አጠገቤ የሚቀመጡት።"

"እ?" አሉ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

ወንበሯን አስጠግታ፣ ጮክ ብላ ደገመችላቸው።