ማማው አይፈርስም

ማማ የሚሠራው ወፍ ለማባረር ነው። እህል ሲደርስ ሰው እላዩ ወጥቶ ይጮኻል፣ ወንጭፍ ይወነጭፋል፤ ይህን ከቱላ ገጠር የመጣ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን በጓሯችን ማማ የሠራሁት ወፍ እንዳይሸሽ ነው። አራት የባሕር ዛፍ ግንድ አቆምኩ፣ የቀርከሃ ወለል ረበረብኩበት፣ ዙሪያውን በእንሰት ቅጠል ሸፈንኩት። ለካሜራው አንዲት ቀዳዳ ተውኩ።

ከማማው ፊት ለፊት ዋርካ አለ። በግንዱ ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ትልቅ ጥቁር ወፍ ተመርጋ ተቀምጣለች። ምንቃራቸው ላይ ሌላ ምንቃር የደረቡ ከሚመስሉት፣ ሲበርሩ ክንፋቸው ከሚንሿሿው ወፎች አንዷ ናት። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትገባ ወንዱ ጭቃ ያቀብላታል፤ እሷ በሩን ከውስጥ ትመርገዋለች። የሚቀረው ምንቃር የሚያሾልክ ስንጥቅ ነው። በዚያች ስንጥቅ ሦስት ወር ያህል የሾላ ፍሬ ያጎርሳታል። ጫጩቱ ሲጠነክር ጭቃውን ሰብራ ትወጣለች። እኔ የፈለግሁት ያንን ነበር፤ ጭቃው ሲሰበር የሚነሣውን ፎቶ።

የምሠራው መሃል ከተማ፣ ጋሽ ጠሀ ፎቶ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የመታወቂያ ፎቶ እናነሣለን። ጋሽ ጠሀ ካሜራውን፣ ማንም የማይፈልገውን ረጅሙን ሌንስና አንድ ፊልም ሲሰጡኝ፣ «ይህቺ ደንበኛህ እንኳ ቀና በይ ብትላት አትሰማህም» አሉኝ። ሥራ የምገባው በሁለት ሰዓት ስለሆነ ከንጋት ጀምሮ ማማው ላይ ነኝ። እናቴ ታቢታ ቁርሴን መሰላል ላይ ወጥታ በቅጠሉ መሃል ታቀብለኛለች። ወፏ እንዳትደነግጥ እጄን ብቻ አወጣለሁ፤ አልናገርም።

ያችን እጅ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙሉጌጥ አዩ። ዘመኑ 1979 ነው፤ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት። የእርሳቸው ልጅ ታምሩ ከሄደ አምስት ወሩ ነው። ምግብ ወደ ላይ ሲወጣ፣ እጅ ሲቀበል ባዩ ጊዜ እነ ታቢታ ከውትድርና የሸሸ ሰው ደብቀዋል ብለው ለቀበሌ ተናገሩ።

ዓርብ ጠዋት ሊቀመንበሩ ጓድ ካሳሁን አራት የአብዮት ጥበቃ አስከትለው መጡ።

«እትዬ ታቢታ፣ እላይ ማንን ነው የሚቀልቡት?»

«ልጄን ነዋ።»

«ልጅዎ እንደ ሰው ቤት ውስጥ አይበላም?»

«ቤት ውስጥማ ወፏ የለችም።»

ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ በላይነህ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ወጣና ቅጠሉን ገለጠ። አየኝ። ከእኔ ጀርባም አየ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ደረሰ ብቻ ነው።»

«ሌላስ?»

«በርጩማ።»

አጥሩ ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት ሣቀ። ጓድ ካሳሁን ፊታቸው ጠቆረ። «የሆነው ይሁን። እስከ ረቡዕ ይፍረስ።»

ወርጄ ፊታቸው ቆምኩ። ወትሮ ከሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል፤ ያን ቀን ግን ወፏን አሰብኩ። «ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ምን አልክ?»

«ያለ ጽሑፍና ያለ ማኅተም የማንም ቤት፣ የማንም አጥር አይነካም ያሉት እርስዎ ነዎት። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እውነት ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበረው ሊቀመንበር የወረደው የአንዲት ባልቴት አጥር በቃል ትእዛዝ አስነቅሎ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ብጨርስም ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ የቀበሌውን ወረቀት ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ጓድ ካሳሁን ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከፊርማቸው በላይ መጻፍ ይከብዳቸዋል።

«ጥሩ» አሉ። «ሰኞ ና ጻፈው።»

«የራሴን ማማ ማፍረሻ እኔው ራሴ?»

«ሌላ ማን አለ?»

ሰኞ ሄድኩ። ለስኳር የተሰለፈው ሰው እስከ ቢሮው መስኮት ደርሷል። ጓድ ካሳሁን ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደዱ፣ «ለአጠራጣሪ ተግባር የተሠራ ማማ» እያሉ አስጻፉኝ። ጻፍኩ።

«አንብብልኝ።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «ወፍ ፎቶ ለማንሣት የተሠራ ማማ እንዲፈርስ ስለማዘዝ።»

ሰልፉ ውስጥ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን በመስኮቱ አስገቡ። «ወፏ ቃሏን ሰጠች?» አሉ።

«እኔ እንዲህ አልኩህ?» አሉ ጓድ ካሳሁን።

«ሲፈተሽ የተገኘው በርጩማ ነው። ያልተገኘ ነገር አልጽፍም።»

ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከቀጣዩ ዙር የውትድርና ዝርዝር ሁለት ሰው ይጎድላል። ታውቃለህ አይደል?»

አውቃለሁ። ዝርዝሩንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያለፈውንም እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ስም፣ አንድም ሳልሰርዝ፤ የታምሩ ስም ሰባተኛው ላይ ነበር። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ካልተፈረመው ወረቀት አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ስሜን ከፈለጉ እርስዎ ይጻፉት» አልኩ። «እኔ ከእንግዲህ እዚህ ቤት የማንንም ስም አልጽፍም።»

በሰልፉ መሃል ቀጥ ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ ከንጋቱ ማማው ላይ ነበርኩ። እናቴ ጥበቃዎቹን ልትጠብቅ ከውጭው በር ቆማለች። መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«እጅህን አውጣ» አለኝ ድምፅ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ናቸው። «እናትህ በሩን አልለቅም አለች። በል ብላ።»

እጄን አወጣሁ። ትኩስ የተቀቀለ ድንች ነበር። መሰላሉ ላይ እንደቆሙ፣ «ሰው ደብቃችሁ መስሎኝ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «የኔው ሄዶ የሌላው ሲቀር አንገበገበኝ።»

«እትዬ፣ የታምሩን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ጽሕፈትህን ማን ያጣዋል? ሰኞ ያልከውንም ሰምቻለሁ፤ ሰልፉ ላይ ነበርኩ።»

ልመልስላቸው ስል ከዋርካው ጠክ ጠክ የሚል ድምፅ መጣ። ስንጥቁ ሰፋ። አንድ ቁራጭ ጭቃ ወደቀ፤ ሌላም ተከተለ። ፊልሙ ላይ የቀሩኝ አራት ፎቶ ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ምንቃሯን፣ በሁለተኛው ራሷን አነሣሁ። በሦስተኛው እጄ ተንቀሳቀሰ። አራተኛው ላይ ሙሉ ሰውነቷ ወጥቶ፣ ላባዋ የተሰባበረ፣ የከሳች፣ ክንፏን ዘርግታ ነበረች።

«ውይ የኔ እናት» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ።

ጥበቃዎቹ ያን ቀን አልመጡም፤ በማግሥቱም አልመጡም። ፎቶውን አጠብኩት። ጋሽ ጠሀ መስኮታቸው ላይ ሰቀሉት፤ ከሊቀመንበሩ የመታወቂያ ፎቶ ጎን፣ በእጥፍ አሳድገው።

አሁን ወፏ የለችም፤ ማማው ሥራ የለውም። እናቴ ግንዱን ለማገዶ እንፍለጠው ብላ ነበር። አይሆንም አልኳት። ትናንት የደረቀውን የእንሰት ቅጠል አውርጄ በእርጥብ ቀየርኩት። ትእዛዙ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ሲመጣ አነብበዋለሁ። እስካሁን አልመጣም።