የብርሃነ መስቀል የጨው ጉድጓድ

«ይሄ ንፍሮ ጨው የለውም» አለ ገብረ ጻድቅ፣ አንድ እፍኝ አፉ ውስጥ ከትቶ እያላመጠ። «ጉድጓድ ሙሉ አሞሌ ባለው ሰው ለቅሶ ላይ አልጫ ንፍሮ!»

ወንድሙ ብርሃነ መስቀል ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አንኮበር ከጠዋት ጀምራ ጉም ለብሳለች፤ ለቀስተኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። አልታየች የምትባለው የሟች ሚስት ፀጉሯን ተላጭታ፣ መቀነቷን ጥብቅ አድርጋ ታጥቃ መሬት ላይ ነች። ቀና አላለችም። የባሏን ታላቅ ወንድም ያመጣው የንፍሮ ነገር እንዳልሆነ ታውቃለች።

«አርባው ነገ ዛሬ ሳይባል ይደርሳል» ሲል ቀጠለ። «የተዝካሩ ጠጅ፣ ጠላው፣ ሠንጋው ከየት ሊመጣ ነው? ወይ ጨውሽን አውጪ፣ ወይ ተዝካሩን እኔ ላውጣና የገብሱን መሬት ልያዝ።»

የነፍስ አባታቸው አባ ገብረመንፈስቅዱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መሬቱን ባልና ሚስት አብረው ነው ያቀኑት፤ እኔ ምስክር ነኝ። ተዝካሩን ካወጣች ማንም አይነካትም። ካቃታት ግን...» አሉና ቀሪውን ዋጡት።

ጎረቤቷ ወለተሐና ወደ አልታየች ጆሮ ተጠጋች። «ኧረ አሳዪያቸውና ይገላገሉ!»

የሚታይ እንጂ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ብርሃነ መስቀል የጨው ጉድጓዱን በከደነው የጓሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ዶሮ እንቁላሏን እንደምትታቀፍ፣ ጦሩን ይዞ በየማታው ሲቀመጥ ያላየው የአገር ሰው የለም።

«ይቆፍሩ፣ አያ» አለች አልታየች። «እኔ አልከለክልም።»

ከሦስት ዓመት በፊት ያንን ድንጋይ ያነሳችው እሷ ነበረች። አንድ አሞሌ ልታወጣ እጇን ብትሰድ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ ጨውን ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሲያኖር፣ ጀግናው ባሏ ሌባ ፈርቶ በዚያ ጉም አገር መሬት ውስጥ ቀብሮታል። በአሥር ዓመት ዘመቻ ያገኘው ጨው ግማሹ ሟሙቶ ነበር። ቁጣው ፈረስ ያስደነግጣልና ፈራ ተባ እያለች ነገረችው። መጥቶ ተንበረከከ፣ ጣቱን ጭቃው ውስጥ ነክሮ ላሰ፣ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አንዲት ስባሪ አንስቶ ለሁለት ከፈለና ግማሿን ሰጣት።

«ላሺ፣ አልታዬ። የኔ ጀግንነት ጣዕሙ ይሄ ነው። መማረክ አውቃለሁ፣ ማኖር አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ፈልጊልኝ።» የራሱን ግማሽ የቆዳ ኮሮጆው ውስጥ ከተታት። «የኔ ለኋላ ትሁን።»

ዓርብ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወረደች። አራት ነጋዴ ፊት ቆማ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ የቀረ ጨው አለኝ፣ ምን ላድርገው? በሬ ሻጩ በሬ ግዢ አላት። ሸማ ሻጩ ሸማ ግዢ አላት። ሦስተኛው እኔ ጋ አስቀምጪው አላት፣ ዓይኑ እያበራ። አራተኛው ሐጂ ዘይኑልአቢዲን በርበሬ ሻጭ ነበሩ፤ ስለ በርበሬያቸው ትንፍሽ አላሉም።

«እህቴ፣ ስንት አፍ ትመግቢያለሽ? መሬታችሁስ ስንት ዓመት ገብስ ሰጠ?» አሉና፣ «ባልሽ ቢሞት ማን ይመጣብሻል?» ሲሉ ጠየቋት።

የባሏ ታላቅ ወንድም ትዝ አላት። የምትፈልገውን ሰው ማግኘቷን ያወቀችው ያኔ ነው።

በሳምንቱ ብርሃነ መስቀል፣ ያ ኩሩ ሰውዬ፣ ጨዉን በገብስ ስልቻ ደብቆ በጀርባው ተሸክሞ በጠራራ ፀሐይ ቁልቁለቱን ወረደ። ያየው ሁሉ ገብስ የተሸከመ ጀግና ብሎ ሳቀበት። ሐጂውም መከሯቸው፤ በጨው በቅሎ ተገዝቶ እዚያው አልዩ አምባ ይደር፣ በቅሎዎቹ የቀረውን ጨው ወደ እነዋሪ ገበያ አድርሰው በእህል ይመለሱ፣ የተረፈው በየዓመቱ ጠገራ ብር ይሁን። «ብሩን ግን እናንተ ያዙት፤ እኔ መንገዱን ነው የማሳየው» አሉ። ድካማቸውም በየመስቀል በዓሉ አንድ ቁና የደጋ ገብስ ሆነ። አንድ ክረምት አንዷ በቅሎ ገደል ገባች። ሐጂው እስከ አንኮበር ድረስ ወጥተው፣ «በዝናብ ልኳት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው የዚያን ዓመት ገብስ አልቀበልም አሉ። አልታየች ከዚያ ቀን በኋላ ቃላቸውን ተጠራጥራ አታውቅም።

አሁን ድንጋዩን ያነሳው ገብረ ጻድቅ ከጓሮ ሲጮህ ተሰማ። «ተዘርፈናል!» እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። «ያገኘሁት ይህቺን ብቻ!» ብሎ የቆዳ ጥቅልል ወረወረ።

አልታየች ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ ባሏ ባዶው ጉድጓድ ውስጥ የተወው ኮሮጆ ነው። ስትዳብሰው ውስጡ ያለችውን አወቀች። ያኔ፣ በለቅሶ ቤት፣ ሳቋ አመለጣት። ሰዉ አበደች ብሎ አማተበ። እሷ ግን ገና አሁን ነገሩ በርቶላት ነበር። ባሏ ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ የጠበቀው እሷን ነው፤ ወንድሙ ድንጋዩን ሲያይ በቅሎዎቹን እንዳያይ።

«ሳቂ!» አለ ገብረ ጻድቅ። «በሰባቱ መሬቱን ታስረክቢያለሽ።»

በሰባቱ ጉሙ ተገለጠ። ለቀስተኛው እንደተሰበሰበ ሐጂ ዘይኑልአቢዲን እህልና ማር የጫኑ ሁለት በቅሎዎች እየነዱ ከደጁ ደረሱ። «አላህ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ፣ እህቴ» አሉ።

«በቅሎዎቹ የማን ናቸው?» አለ ገብረ ጻድቅ።

«የሟችና የሚስቱ። ጭነቱም የነሱ ነው።»

አልታየች የምትጠብቀውን ምስክር አገኘችና ተነሳች። በሁሉ ሰው ፊት መቀነቷን ፈታች፤ ሰባት ቀን ሙሉ ወገቧን ሲቆረቁራት የከረመው ጠገራ ብር አባ ገብረመንፈስቅዱስ በዘረጉት ነጠላ ላይ ተንጫጫ። ቤቱ በእልልታ ሊናጋ ምንም አልቀረው፤ ወለተሐና አፏን በእጇ አፈነች።

«የተዝካሩ ነው፣ አባቴ። ሠንጋውን እርስዎ ይግዙልኝ» አለች። ወደ ገብረ ጻድቅ ዞረች። «እርስዎም አያ፣ በአርባው ይምጡ። ንፍሮው ጨው ይኖረዋል።»

ሰውዬው ጋቢውን ሰበሰበና ወጣ። አልታየችን ደስታ ሞላት፤ አላፈረችበትም። ሐጂው ሲሰናበቷት ዝቅ ብለው፣ «በቅሎዎቹን ለድግስ ብለሽ እንዳትሸጪ» አሏት። «አልሸጥም» አለች።

ሰው ሲበተን ፀሐይዋ ገና ከጓሮው አልጠፋችም ነበር። አልታየች ድንጋዩን ገፍታ ወደ ቦታው መለሰችና ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠችበት፣ ወደ ዳር ጠጋ ብላ። ኮሮጆውን ፈታች። ስባሪዋን አውጥታ ለሁለት ከፈለቻት። አንዷን ምላሷ ላይ አኖረች፣ ሌላዋን ሳታስበው ወደ ጎኗ ዘረጋች፤ እጇም እንደተዘረጋ ብዙ ቆየ።