የመርሳው ፋኖስና የወልድያው ቅጂ

አዲስ አበባ አንድ «ባህላዊ» ሆቴል በተከፈተ ቁጥር እዚህ መርሳ የአንዱ ቤት ጣሪያ ባዶ ይቀራል። ዕቃ ሰብሳቢዎቹ ከአያቶቻችን ሳሎን የነቀሉትን መብራት ሰቅለው «ጥንታዊ ድባብ» ይሉታል። ይህን ስናገር እህቴ እየሩሳሌም «ጀመረው ደግሞ» ትላለች። የአባታችንን የነሐስ ፋኖስ ብሌን ለምትባል የሆቴል አስዋቢ እንሸጣለን ብላ በስልክ ቃል የገባችውም እሷ ናት።

ፋኖሱ ባለ ነጭ መስታወት ቆብ ነው፤ ከሳሎናችን ጣሪያ በሰንሰለት ይንጠለጠላል። ማንበብ የተማርኩት ከሥሩ ተቀምጬ ነው። የእህቴን ቃል ማጠፍ ስላልቻልኩ ተናድጄ ወልድያ ሄድኩ። ብረት ሠሪው ሽፈራው ቁርጥ እሱን የመሰለ ቅጂ ሠራልኝ፤ ቢያንስ ጣሪያችን ባዶ እንዳይቀር። ቅጂውን ለጊዜው ማድቤት፣ ከምድጃው በላይ ካለው መንጠቆ ሰቀልኩት። ሌላ ቦታ አልነበረም።

ብሌን የምትመጣ ዕለት ጠዋት እናቴ የአባቴን ፋኖስ አውርዳ በሎሚና በአመድ ስትፈትግ ደረስኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከዚህ ቤት የሚወጣ ዕቃ ቆሽሾ አይወጣም። ሰው ምን ይለኛል?»

የዘመናት ጥላሸት ተጠርጎ ፋኖሱ ትናንት ከሱቅ የወጣ መሰለ። ብሌን ገብታ ስታየው ቅር አላት። ወዲያው ግን ዓይኗ በማድቤቱ በር አልፎ ጢስ ያጠቆረው ቅጂ ላይ አረፈ።

«ይኼ ነው» አለች፣ ወደ ምድጃው እየሮጠች።

«እሱ ቅጂ ነው። ባለፈው ወር ወልድያ የተሠራ።»

«ጋሽ ገዛኸኝ፣ የሄድኩበት ሁሉ አዲሱን ያሳዩኝና አሮጌውን ማድቤት ይደብቁብኛል።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ግን ውሸት አልወድም፤ ተሟገትኳት። ብየዳውን አሳየኋት፣ ጠረጴዛ መታሁ፣ ጮህኩ። በተቆጣሁ ቁጥር እሷ ይበልጥ እርግጠኛ ሆነች። ለሽፈራው ደውዬ ድምፁን ለሁሉም አሰማሁ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እመቤት» አለ።

«ጥሩ ተመካክራችኋል» ብላ ሳቀች።

እየሩሳሌም በነጠላዋ አፏን ሸፍና «ለዛሬ እንኳ ዝም በል፣ ወንድም ዓለም» አለችኝ።

የሽፈራውን የእጅ ዋጋ ብቻ ተቀበልኳት፤ በርካሽ አገኘሁ ብላ ፈነደቀች። ቅጂውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ አቅፋ ሄደች።

የመኪናዋ አቧራ ሳይበርድ መሰላል ላይ ወጣሁ። ሰንሰለቱን አሰርኩ፣ ነጭ ጋዝ ሞላሁ፣ ለኮስኩት። ሳሎኑ በቀን ብርሃን ላይ ብርሃን ተጨመረበት።

«በጠራራ ፀሐይ?» አለች እናቴ።

«ይብራ።»

«እንግዲያው በየሳምንቱ ነው የምፈትገው» አለች፣ የሎሚውን ልጣጭ ከመሬት እየለቀመች። «ሌላዋ ገዢ ደግሞ ሳትመጣ።»