የጥሬ ሥጋ በሽታ

የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ማቲዎስ ከወንበሩ ጀርባ አራት የሥልጠና ሰርተፍኬት ሰቅሏል። ስለ በሽታ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ሰርክአዲስ ሐኪሞች የጻፉትን በሽታ በኮድ ኮምፒውተር ላይ የምታስገባ ሠራተኛው ናት፤ ጭሮ ሆስፒታል ከተመደበች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱንም ዓመት ይህን ሰው ስትንቅ ኖራለች።

አንድ ቀን የገለምሶው ጫት ነጋዴ የሐጂ አብዱልቃዲር ካርድ ደረሳት። የእግራቸው አውራ ጣት እንደ ቲማቲም ቀልቶ አብጧል። ሐኪሙ በደማቸው ያለውን ዩሪክ አሲድ አስመርምሮ «ሪህ» ብሎ በግልጽ ጽፏል። የሪህን ኮድ ልታስገባ ስትል ማቲዎስ ከኋላዋ መጣ።

«ሪህ? ሪህ እኮ የጥሬ ሥጋና የጠጅ በሽታ ነው! ሰውዬው ሐጂ ናቸው፤ ቅጠል ነው የሚቅሙት። ‹ዩሪክ አሲድ ከፍ ማለት ብቻ› ብለሽ አስገቢ።»

«እሱ ኮድ እኮ መገጣጠሚያው ላልታመመ ሰው ነው። ሐኪሙም...»

«ሐኪሙ ልጅ ነው። ሪፖርቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ።»

ድንቄም አዋቂ! አለች በሆዷ። ለዚህ ሰውዬ ሪህ ሃይማኖት ጠይቆ የሚገባ በሽታ ነው። ቢሆንም የታዘዘችውን አስገባች። በዚያ ሩብ ዓመት ስድስት የሪህ ታማሚዎች መጡ፤ ስድስቱም ጠጅ የማይቀምሱ ስለነበሩ ስድስቱንም እንደዚያው አደረገቻቸው።

ሪፖርቱ ለጤና ቢሮ ሄደ። ሪህ፦ ዜሮ። ፋርማሲው የሪህ መድኃኒት ሲጠይቅ «ታማሚ በሌለበት ለማን?» ተብሎ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ማቲዎስ በሪፖርት ጥራት አምስተኛ ሰርተፍኬት ተሸለመና ምስማር ሲፈልግ ዋለ።

ሐጂ አብዱልቃዲር ተመልሰው መጡ፤ አሁን ሁለቱም እግራቸው አብጦ፣ የልጃቸውን የዩስራን ትከሻ ተደግፈው። ከፋርማሲው ባዶ እጃቸውን ነው የወጡት። ማቲዎስ ሲያያቸው ሻይ ልጠጣ ብሎ ውልቅ አለ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ ሐጂው በካርድ ክፍሉ መስኮት። «የእኔ በሽታ እዚህ አገር የለም፣ ወረቀት ላይ አልተጻፈም ይሉኛል። ማነው ያጠፋኝ?»

ሰርክአዲስ የማቲዎስን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች። ዓይኗ ግን ስክሪኑ ላይ አረፈ። ከኮዱ አጠገብ ያስገባው ሠራተኛ ስም ሰፍሯል፤ የማቲዎስ አይደለም። ሁለት ዓመት ያጠራቀመችው ንቀት ሁሉ ዞሮ እሷው ላይ ወረደ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች።