በአሥራ አንድ የሚካፈለው ቁጥር

ከሪማ ወረቀቱን ከመስኮቱ ሥር ስባ ስታነበው ዓይኗ «ካንሰር» ከሚለው ቃል አላልፍ አላት። ከአንገቷ እብጠት ናሙና ከተወሰደ አሥር ቀኑ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣችው ውጤቱን ልትወስድ ነበር።

እንደ ምንም ብላ ስሙን ፈለገች። ከሪማ ሰይድ ይላል። ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን 52717654 ነው፤ የደረሰኟ ቁጥር ደግሞ 52717643።

«ወንድሜ፣ ቁጥሩ ከእኔው ጋር አይገጥምም» አለች።

የላቦራቶሪው ጸሐፊ ሂሻም ደረሰኙን አየት አደረገ። «ስሙ ያንቺው ነው፣ እህቴ። ትናንት መብራት ጠፍቶ ውጤቱን በእጅ ነው የጻፍነው። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ተሳስተን ይሆናል።»

ከሪማ ከመስኮቱ ፈቀቅ ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥቅል ተቆጣጣሪ ናት። የእያንዳንዱ ጥቅል ቁጥር በአሥራ አንድ መካፈል አለበት፤ አንድ አሃዝ ከተሳተ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ከተቀያየሩ አይካፈልም፤ ያን ጊዜ ጥቅሉን ትመልሳለች። ዘጠኝ ዓመት የለመደችው ነገር ነውና፣ ሳታስበው የወረቀቱን አሃዞች አንድ እየዘለለች ደመረች። አምስት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ አምስት፤ ሃያ አራት። የዘለለቻቸው ሁለት፣ አንድ፣ ስድስት፣ አራት፤ አሥራ ሦስት። ልዩነቱ አሥራ አንድ። ይካፈላል።

የራሷንም ደመረች። እሱም ይካፈላል።

«የእናንተም ቁጥር በአሥራ አንድ የሚካፈል ነው እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ እንደዚያ አድርጎ ነው የሚያወጣው፣ ስህተት እንዲያዝ። በምን አወቅሽ?»

«እንግዲያ ይሄ ስህተት አይመስለኝም። ተሳስታችሁ የጻፋችሁት ቢሆን እንዲህ ልክ አይመጣም ነበር። ቁጥሩ ባለቤት አለው። ከእኔ ቀጥሎ የተመዘገበውን እይልኝ። ወላሂ፣ ሳታይልኝ አልሄድም።»

ሂሻም መዝገቡን ገለጠ። ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ሌላ ከሪማ ሰይድ አሉ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከኩታበር የመጡ እናት ናቸው። ጠዋት መጥተው… ያንቺን ወረቀት ነው የሰጠኋቸው።» ቀሪውን ቅጂ ፈልጎ አወጣና በቁጥሯ አመሳከረው። «እብጠቱ ጉዳት የሌለው ነው ይላል። አፉ በይኝ፣ እህቴ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ከሪማ። የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ ሳቋም መጣ።

ሂሻም የሴትዮዋን ስልክ ከመዝገቡ አይቶ ደወለ። «እናቴ፣ መኪናው ወጣ እንዴ?… አልሞላም? እንግዲያ ይመለሱ፣ ወረቀት ተሳስተናል።» ስልኩን ዘግቶ ወደ ከሪማ ዞረ። «መናኸሪያ ናቸው። ብቻቸውን ነው የመጡት። ደስ ብሏቸው ለልጅ ልጆቻቸው ብርቱካን እየገዙ ነበር።»

ከሪማ ትክክለኛውን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። በሩ ላይ አንድ ባጃጅ ቆመላት። «ፒያሳ ነሽ?» አላት ሹፌሩ።

እግሯን ልታነሣ ብላ ተወችው። «አይ፣ ሂድ። የምጠብቃቸው ሰው አሉ።»

ተመልሳ ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧም ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተወች።