የወፈረው ፒን

በእርሻው ጋራዥ ውስጥ እንደ ፒን የተከበረ ሠራተኛ አልነበረም። ከኃላፊው ወንበር ጀርባ አሥራ አንድ ፒኖች ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው፣ በየግርጌያቸው ያገለገሉበት ዓመት ተጽፎላቸው ይታያሉ። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው ግን ፎቶው እንኳ የትም አልተሰቀለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራክተሩ ተሳቢውን የሚጎትተው ከኋላው በወጣ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ብረቱ ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ በእሱና በተሳቢው ቀዳዳ ፒን የሚባለው ድፍን የብረት ዘንግ ገብቶ ሁለቱን ያያይዛል። ትራክተሩ ሲያረጅ ቀዳዳው እየተበላ እንደ እንቁላል ይሞላላል፣ ፒኑም መንቋቋት ይጀምራል። ሌላ ቦታ ቢሆን ቀዳዳውን ይጠግኑት ነበር። እዚህ ግን ኃላፊው፣ ያኔ ገና ብረት የሚቀርጽ የቶርኖ ሠራተኛ ሳለ፣ ፒኑን በሁለት ሚሊሜትር አወፈረውና መንቋቋቱ ለአንድ ወር ጠፋ። ለዚህም የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ በምስክር ወረቀቱም ኃላፊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ፒኑ ይወፍራል፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

በያጁን ጋሽ ሚሊ ይሉታል። መለኪያው ካሊፐር ከኪሱ ስለማይጠፋ የወጣለት ስም ነው፤ ሚስቱ እንኳ “ጨው ስንት ሚሊ ላድርግልህ?” እያለች ትቀልድበታለች። እሱን ያስጨነቀው ግን ቀልድ አልነበረም። ከቀዳዳው እስከ ብረቱ ጫፍ ያለው ሥጋ፣ ትራክተሩ አዲስ ሳለ አርባ ሚሊ የነበረው፣ አሁን አሥራ ሦስት ቀርቷል። ትራክተሩን የምትነዳው ደግሞ አንድ ልጁ ናት። በመኸር በቀን ስምንት ጊዜ እህል የሞላ ተሳቢ እየጎተተች ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ከታች መታጠፊያ አለ፣ ከመታጠፊያው ባሻገር ገደል። ብረቱ የተቀደደ ቀን ተሳቢው ከኋላ መጥቶ ትራክተሩንም ልጅቱንም ይዞ ነው የሚገባው።

ስለዚህ ጋሽ ሚሊ ብየዳውን ባቆመ ቁጥር ጆሮውን ወደ ቁልቁለቱ ያቆማል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ፒኑ ነው። ቋቋታው ከተሰማ ልጁ አለች ማለት ነው። በሚያስፈራው ድምፅ መጽናናት ለምዶ ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሽ ሚሊ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

“ሦስት ቀን ይስጡኝ” አለ። “የተበላውን ቆርጬ የብረት ቀለበት ልበይድበት። እንደ አዲስ ይሆናል።”

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። “ጋሽ ሚሊ፣ በመኸር ትራክተር ይቆማል እንዴ? ደግሞስ ቀዳዳ ማለት ባዶ ነገር አይደል? ባዶ ነገር እንዴት ይጠገናል? ሥራውን የሚሠራው እኮ ፒኑ ነው።”

“የቀረው አሥራ ሦስት ሚሊ ነው።”

“በጽሑፍ አቅርበው።”

አቀረበ። ጽሑፉ ለኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ጉዳዩ አሳሳቢ መሆኑን ካመነ በኋላ እስከ ዛሬ ከተሠሩት ሁሉ የወፈረ ፒን እንዲሠራ ወሰነ። ፒኑ ተሠርቶ መጣ፤ አልገባም። ኃላፊው አልደነገጠም። “ለአዲሱ ፒን ይመች ዘንድ ቀዳዳው በሦስት ቀን ውስጥ ይስፋ” የሚል ባለማኅተም ትእዛዝ ጻፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ለመጠገን የታጣው ሦስት ቀን ለማበላሸት ተገኘ።

ጋሽ ሚሊ ትእዛዙን አነበበ። ልጁን የያዘለትን ብረት በገዛ እጁ እንዲያሳሳው ነው የታዘዘው። ደግሞ አነበበው። ሦስተኛ ሲያነበው ግን ቁጣው በረድ አለ። ቀዳዳው ይስፋ ይላል እንጂ ከሰፋ በኋላ ምንም አይግባበት አይልም።

አሰፋው። ብረቱን ፈትቶ የተበላውን በሙሉ ቆርጦ አወጣ። ዓመት ሙሉ ሣጥኑ ውስጥ ደብቆት ከኖረ ወፍራም ቧንቧ ቀለበት ቆረጠ። ብረቱን አስቀድሞ አሞቀው፣ ቀለበቱን ዙሪያውን በየደው፣ የሳሳው ጫፍ ላይም ብረት ደራረበበት። እንዳይሰነጠቅም አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተወው። የተሳቢውንም ቀዳዳ እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው ቀን ካሊፐሩን አስገብቶ ለካ። የቀዳዳው ስፋት እንደ አዲስነቱ ሠላሳ ሁለት፣ ከቀዳዳው እስከ ጫፉ አርባ።

ኃላፊው ወፍራሙን ፒን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ኮሚቴውን አስከትሎ መጣ። ሞከረው። ፒኑ ቀዳዳው አፍ ላይ ጉብ አለ።

“ቀዳዳው የት ሄደ?” አለ።

“እዚያው ነው ያለው” አለ ጋሽ ሚሊ።

ልጅቱ ከመሪው ላይ ወደ ኃላፊው ዞር አለች። “ጋሼ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው የመጀመሪያው ፒን አይሆንም?”

ያንን ፒን ከኃላፊው በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። ወጣት ሳለ፣ ገና ሳይሾም፣ በትክክለኛው ልክ ያወጣው የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ራሱ ሄዶ አመጣው። ሳይገፋው፣ ሳይመታው፣ ገባ። የኃላፊው ዓይን እንባ አቀረረ። ለአንድ አፍታ እውነቱ ሊገባው ትንሽ ቀርቶት ነበር።

“ብያችሁ አልነበር?” አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። “ነገሩ ሁሉ ያለው ፒኑ ላይ ነው። ስንሳሳት የኖርነው በማወፈራችን ነው። ከእንግዲህ በየዓመቱ ሁለት ሚሊ እናቀጥነዋለን።”

ኮሚቴው አጨበጨበ። ጋሽ ሚሊም አጨበጨበ፤ ልጁ ጤና ትሁንለት እንጂ ጭብጨባ ምን ያስከፍላል።

ልጅቱ ወደ ማሳው ወጣች። ጋሽ ሚሊ ወደ ብየዳው ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ እንደ ልማዱ ጆሮውን አቆመ። ምንም የለም። ጠበቀ፤ አሁንም ምንም የለም። ጭንብሉን ወረወረና ሮጠ። በስድሳ ዓመቱ፣ የቆዳ ሽርጡ ከጉልበቱ እየተጋጨ፣ የራሱን ብየዳ እየረገመ፣ እስከ መታጠፊያው ሮጠ።

ትራክተሩ ተሳቢውን አስከትሎ ኮሽ ሳይል መጣና አጠገቡ ቆመ።

“አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?”

“ድምፅሽ ጠፋብኝ” አለ እያለከለከ።

“አንተው አይደለህ ያጠፋኸው?”

መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ሳቁም እንባውም እኩል መጣበት፤ ልጁ ወርዳ አጠገቡ እስክትቀመጥ ድረስ አልተወውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራክተሩ በወረደ ቁጥር መታጠፊያውን ሲያልፍ አንድ ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። ኃላፊው ለፒኑ ክብር መስሎት ከወንበሩ ብድግ ይላል።